«ጂሲ ከሆንክማ አለቀ»

ከገርጂ ወደ ጎሮ፣ ከዚያም ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ በግንቦት ወር ጆሮውን የጣለ ሰው የጂሲ፣ ማለትም የተመራቂ ተማሪ፣ ወሬ አያጣም። አድቫይዘሩ ስልክ አያነሳም፤ የፕሮጀክቱ ዲፌንስ ተራዘመ፤ የሱፍ ዋጋ ጨመረ፤ ሞዴል ፈተናው አናት አዞረ። ይህ የአዲስ አበባ ጎን ለወሬው ይመቸዋል። ገርጂ ላይ ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ጎሮ ላይ አይሲቲ ፓርኩ፤ ቂሊንጦ ላይ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ። ቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ ደግሞ ተመራቂው ሲቪውን ይዞ የሚወጣቸውና የሚወርዳቸው ፎቆች ተደርድረዋል።

ወሬው ግን አርጅቷል። ስለ መጨረሻው ሴሚስተር የሚሰጠው ምክር ባብዛኛው ከታላላቅ ወንድምና እህት የተወረሰ ነው፤ እነሱ የተመረቁት ደግሞ ነገሩ ሌላ በነበረበት ጊዜ ነው።

«ጂሲ ከሆንክማ አለቀ» የሚለው የዚህ ዓይነት ውርስ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ አራተኛ ዓመት፣ በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ አምስተኛ ዓመት ላይ የደረሰ ተማሪ ቀድሞ የሚቀረው ፕሮጀክት፣ ለምርቃት መቶ ቀን ሲቀር የሚከበረው በዓል፣ ጋወንና ፎቶ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቀደም ሲል እንደ ሕግ ባሉ ጥቂት መስኮች የሚታወቀው መውጫ ፈተና በመጀመሪያ ዲግሪ ለሚመረቀው ሁሉ መጣ። ኮርሱን ሁሉ ያለፈ፣ ፕሮጀክቱን አቅርቦ የተጨበጨበለት ተማሪ በፈተናው ከ50 በታች ካመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ቤተሰብ ድንኳን ጥሎ፣ በግ አርዶ፣ ልጁ ግን ውጤት እየጠበቀ የሚስቅበት ምርቃት የመጣው ያኔ ነው።

በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ያለፉት 61 ሺህ ገደማ፣ ማለትም 40.65 በመቶ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከዚህ ቁጥር አንድ የተሳሳተ ድምዳሜ ወዲያው ተወለደ፦ «የግል ኮሌጅ ተማሪ ምንም አያውቅም።» ቁጥሩ ግን ይህን አይልም። የሁሉም ትምህርት መስኮች ድምር ነውና ስለ ኮምፒውተር ተማሪ ለብቻው የሚነግረን ነገር የለም። ገና ሲጀመር የተማሪው አመራረጥም ይለያያል። ቂሊንጦ የሚገባው ተማሪ በተለየ የመግቢያ ፈተና ተጣርቶ፣ ግቢ ውስጥ አድሮ፣ ካፌ በልቶ የሚማር ነው። በግል ኮሌጅ ማታ ከሚማሩት ብዙዎቹ ቀን ሥራ ውለው፣ መገናኛ ላይ ታክሲ ተሰልፈው፣ ክፍል የሚገቡት ደክመው ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ አንዱን ሰነፍ ማለት ለወሬ ይቀላል። የግል ተቋማቱ ከነቀፋ ይድናሉ ማለቴ አይደለም፤ ቤተ ሙከራ ሳይኖረው የኔትወርክ ኮርስ የሚሰጥ ኮሌጅ ተማሪውን ቢወቅስ አያምርበትም።

ፈተናውን በተመለከተ ሁለት ተቃራኒ እምነቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዳንዴም በአንድ ሰው አፍ ውስጥ። አንደኛው «በቴሌግራም የሚዞሩትን የቆዩ ጥያቄዎች ከሸመደድክ ይበቃሃል» ይላል። የኮምፒውተር ሳይንሱ ፈተና ከአንደኛና ከሁለተኛ ዓመት ፕሮግራሚንግ ተነስቶ፣ ዳታ ስትራክቸርን፣ ዳታቤዝን፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተምን፣ ኔትወርክን፣ ሴኩሪቲን፣ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስን አልፎ እስከ ኦቶማታና ኮምፓይለር ድረስ ይሄዳል። የአራት ዓመት ትምህርት በአንድ ቁጭታ ማለት ነው። ጥያቄው ቁጥሩን ወይም የኮዱን አንድ መስመር ከለወጠ፣ የሸመደደው መልስ «ሐ» እንደነበረ ማስታወስ አያዋጣም። ሁለተኛው እምነት «ያለፈ ሁሉ ለሥራ ዝግጁ ነው» የሚለው ሲሆን ይህኛው በወላጆችና በአንዳንድ ቀጣሪዎች ዘንድ ይበረታል። ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነው። አንድም መስመር ኮድ ሳይጽፉ ማለፍ ይቻላል። ከወለሉ በታች ያሉትን ይለያል፤ ከወለሉ በላይ ማን ምን ያህል እንደሚችል ግን አይናገርም።

የሚናገረው ፕሮጀክቱ ነበር፤ እሱ ደግሞ ፈተናው ከመጣ ወዲህ የእንጀራ ልጅ ሆኗል። «ፕሮጀክት ለማርክ ነው፤ ዋናው ዶክመንቴሽኑ ነው» ይባላል። ርዕሶቹን የግቢ ሰው በቃሉ ያውቃቸዋል፦ የአንድ ክሊኒክ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ወይም የአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት «ማኔጅመንት ሲስተም»። በቡድኑ ውስጥ አንዱ ኮዱን ይጽፋል፣ አንዷ ዶክመንቱን ታሳምራለች፣ የቀሩት ለጥራዙ ያዋጣሉ። ካለፈው ዓመት ባች የተወረሰ ኮድ ስሙና ቀለሙ ተቀይሮ የሚቀርብበትም ጊዜ አለ። ገንዘብ ተከፍሎበት የሚሠራም አለ፤ ይህን የማያውቅ መምህር ያለ አይመስለኝም።

ርዕሱ ተራ መሆኑ ግን ጥፋት የለውም። እንዲያውም የክሊኒክ ካርድ ክፍል በትክክል ከተሠራ፣ በዚህ አገር ካሉት ከባድ ሥራዎች አንዱ ነው። ከውጭ የተገለበጠው ቅጽ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። ሰልፉ ላይ የቆሙት እማማ የራሳቸው ስም፣ የአባታቸው ስምና የአያታቸው ስም ነው ያላቸው፤ ባለቤታቸውም ልጃቸውም በዚያ «የቤተሰብ ስም» አይገኙም። ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ ዛሬ «ኃይሉ» ብላ የመዘገበችውን በሚቀጥለው ወር ሌላ ሠራተኛ «ሀይሉ» ብሎ ቢፈልገው ኮምፒውተሩ «የለም» ይላል፤ ለአንድ ሰው ሁለት ካርድ ይወጣለታል፤ የመድኃኒት አለርጂው የተጻፈው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። «ሦስት ሰዓት» ተብሎ የተሰጠ ቀጠሮ ሲስተሙ ውስጥ ከንጋቱ በፊት ይገባል። የወር ሪፖርት ሲጠየቅ አሥራ ሦስተኛው ወር መግቢያ ያጣል። ዳታቤዙ ሲፈጠር የፊደል አቀማመጡ በትክክል ካልተመረጠ ደግሞ የሕመምተኛው ስም የጥያቄ ምልክት ረድፍ ሆኖ ይወጣል፤ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም እንኳ።

እነዚህን ነገሮች የትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ አይዘረዝራቸውም። የሚገኙት ካርድ ክፍሏ አጠገብ ወንበር ስቦ አንድ ቀን በመዋል ነው። ለዚያ አንድ ቀን የሚሄድ ቡድን ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል። ቀጣሪም ቢሆን፣ ነገሩ የገባው ከሆነ፣ ከጥራዙ ውፍረት ይልቅ «ሀ»ን እና «ኃ»ን በፍለጋ እንዴት እንዳገናኛችሁ ነው የሚጠይቀው።

«ክፍል ውስጥ የተማርነው ሥራ ላይ አይውልም» ለሚለው መልስ ያገኘነው መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ነው። በዚያ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ከኤቲኤም ማውጣትና በሞባይል ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ዶርም እንደ እሳት ተዛመተ፤ ተማሪ በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው ወደ 490 ሺህ የሚጠጋ ግብይት ተፈጽሞ 801 ሚሊዮን ብር ጎድሏል። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ ችግሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ በሲስተሙ ላይ ከተደረገ ማሻሻያና ፍተሻ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተናገሩ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ለጠፈ።

የዳታቤዝ ኮርስ የወሰደ ሁሉ «ትራንዛክሽን» የሚለውን ምዕራፍ ያስታውሳል። ምሳሌው የትም አገር አንድ ነው፦ ከአንዱ ሂሳብ መቀነሱና ለሌላው መድረሱ ሁለቱም ይሆናሉ፣ ወይም ሁለቱም አይሆኑም፤ መሃል ላይ የሚቆም ነገር የለም። ተማሪው ለፈተና አንብቦት የሚረሳው ምዕራፍ ነው። አሠልቺ ነው የሚባለው የሶፍትዌር ፍተሻ ኮርስም እንዲሁ። በዚያ ሌሊት ከተሰለፉት መካከል ለመውጫ ፈተና የሚያጠና ካለ፣ ከማስታወሻ ደብተሩ የተሻለ ምሳሌ ፊቱ ቆሞ ነበር።

«ኮምፒውተር ሳይንስ ማለት ኮዲንግ ነው» የሚለው አጭር መልስ አለው፤ መልሱም ጎሮ ነው። አይሲቲ ፓርኩ ውስጥ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ዊንጉ፣ ራክሲዮና ሬድፎክስ የዳታ ማዕከል ተክለዋል። እነዚህ ቤቶች የሚፈልጉት መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሰርቨሩን የሚያቆይ፣ ፋይበር ሲቆረጥ ግንኙነቱን በሌላ መንገድ የሚያዞር፣ በሌሊት ስልኩን የሚያነሳ ሰው ነው። «ኔትወርክና ሲስተም አድሚኒስትሬሽን» ተብሎ ተማሪው የሚያዛጋበት ኮርስ እዚያ ደመወዝ ነው።

«ከልጅነቱ ኮምፒውተር ላይ ያላደገ አይሆንለትም» ለሚሉት ደግሞ ከቦሌ መድኃኔዓለም ፊት ለፊት ቆሞ መኪናዎቹን ማየት ነው። በ8294 የሚጠራው የራይድ ታክሲ አገልግሎት መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ ያደገችው አሰላ ሲሆን፣ ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ የነካችው በ17 ዓመቷ ነው። የተማረችውም ማይክሮሊንክ በተባለ የግል ኮሌጅ ነበር።

አዲሱ ወሬ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ነው፤ «ኮዱን እሱ ይጽፈዋል፤ ዲግሪው ለምን?» የሚለው። ከጎኑም ሌላ አለ፦ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሰርተፍኬት ዲግሪውን ይተካል የሚለው። ሥልጠናው በሩን የሚከፍት መግቢያ ነው፤ ትራንዛክሽንም ሆነ ኮምፓይለር አያስተምርም፤ አስተምራለሁም አላለም። ኮድ ስለሚጽፈው ማሽን ግን ዲፌንስ ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቃል። ገምጋሚው አንድ መስመር ላይ ጣቱን አድርጎ «ይህ ምን ይሠራል? ቢወጣስ ምን ይሆናል?» ሲል፣ ያልጻፈው ኮድ ባለቤት የሆነው ተማሪ ወደ ጓደኞቹ ማየት ይጀምራል። መሣሪያውን መጠቀሙ ነውር አይደለም፤ የጻፈለትን ማንበብ አለመቻል ነው የሚያጋልጠው።

«ዘመድ የሌለው ሥራ አያገኝም» የሚለውን ግን ሙሉ በሙሉ ሐሰት ለማለት አልደፍርም። ማስታወቂያው «2 ዓመት ልምድ» እያለ ለአዲስ ተመራቂ ልምዱ ከየት ይምጣ? ያም ሆኖ በዚህ ሙያ ዘመድ የማይገባበት ቀዳዳ አለ። ኤቱኤስቪ የተባለው ሥልጠና የአገራችንን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአልጎሪዝም ጥያቄ በነፃ እያሠለጠነ ጉግል ድረስ አስገብቷል። በዚያ የቃለ መጠይቅ ሰሌዳ ላይ አጎት አይረዳም። ነገር ግን ያ ዝግጅት ወራት ይፈልጋል፤ በመጨረሻው ሴሚስተር ግንቦት ላይ አይጀመርም።

የመጨረሻው ስሕተት ከጋወኑ በኋላ የሚመጣው ነው፦ «ዲግሪዬ እጄ ገባ።» ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ተመራቂ እጅ የሚገባው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ ሰርተፍኬት፣ ነው። በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተመራቂው የድርሻውን ወጪ ከደመወዙ እየተቆረጠ ወይም በአንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚላክለት ያን ሲጨርስ ነው። ውጭ አገር ለማስተርስ ማመልከት ያሰበ ካለ፣ ውሉ ላይ የፈረመውን የገንዘብ መጠን ከሬጅስትራር ሳይወጣ ቢጠይቅ ይሻለዋል። የማመልከቻው ቀነ ገደብ ሊያልፍ ሳምንት ሲቀረው ሬጅስትራር በር ላይ ያለው ሰልፍ ረጅም ነው።