መጠባበቂያ ቅጂ በሊኑክስ ኮምፒዩተር

በቤት ኮምፒዩተር የተከማቸ ጽሑፍና ፎቶግራፍ ዲስኩ ሲበላሽ ወይም ኮምፒዩተሩ ሲሰረቅ ይጠፋል። ሊኑክስ በነፃ እንደገና ሊጫን ይችላል፤ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ግን ምትክ የለውም። ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ መጠባበቂያ ቅጂ መዘጋጀት ያለበት ዲስኩ ደኅና ሳለ ነው።

የአቀዳድ ዘዴዎች ልዩ ልዩ ናቸው። ታር የተባለው ፕሮግራም ብዙ ፋይሎችን በአንድነት ጠቅልሎ ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ የሆነው አርሲንክ ደግሞ ከቀድሞው ቅጂ ጋር አነጻጽሮ የተለወጠውን ብቻ ስለሚያስተላልፍ ጊዜ ይቆጥባል። ይሁን እንጂ ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ከሆነ፣ የተበላሸው ፋይል በደኅናው ላይ ሊተካ ይችላል። ስለሆነም የተለያዩ ቀኖችን ቅጂ ለይቶ የሚያቆይ ዘዴ ይመረጣል።

በዚያው ዲስክ ላይ የተቀመጠ ቅጂ ከዲስኩ ጋር አብሮ ይጠፋል። በዚህም ምክንያት ባለሙያዎች ከዋናው ጋር 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማከማቻ፣ 1ዱም ከቤት ውጭ እንዲቀመጥ ይመክራሉ። በመጨረሻም ከቅጂው ፋይል መልሶ በማውጣት መሞከር ያሻል፤ ያልተፈተነ ቅጂ በችግር ቀን አያስተማምንምና።