ባሕር ዛፍን ከልጡ ሥር የሚበላው ጥንዚዛ

እንጨት ተቦርቡሮ ስናገኝ አብዛኞቻችን «ምስጥ በላው» ብለን እናልፋለን። የነቢዩላህ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ምርኩዝ ታሪክ በሱረቱ ሰበእ ስለተነገረን ይሆናል ምስጥ ቶሎ ትዝ የሚለን። ዛሬ የምናወሳው ግን ሌላ ፍጡር ነው። ምስጥ በአፈር መንገድ ሠርቶ በመንጋ ይመጣል፤ ይኸኛው በሌሊት በርሮ ይመጣል።

አገሩ እንደ ባሕር ዛፍ ሁሉ አውስትራሊያ ነው። ዛፉ በአጼ ምኒልክ ዘመን ወደ እኛ ገባ። ጥንዚዛው ደግሞ ባልተላጠ ግንድ ተደብቆ ደቡብ አፍሪካ፣ ሞሮኮና ስፔን ደርሷል፤ ካሊፎርኒያ የተገኘው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ሊቃውንት ፎራካንታ ይሉታል። ቡናማ ነው፣ ቢበዛ 3 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ቀንድ የሚመስለው መዳሰሻው ግን ገላውን ያህላል ወይም ይበልጣል።

ጉዳት የሚያደርሰው እጩ ነው። እናቲቱ በላላ ልጥ ሥር እንቁላሏን ትጥላለች፤ እጩ በልጡና በእንጨቱ መካከል፣ የዛፉ ምግብ በሚያልፍበት፣ እየቦረቦረ ይሄዳል። ግንዱን ዞሮ ከገጠመ ዛፉ እንደቆመ ይደርቃል። መድኃኒት ቢረጭም ልጥ ሥር ላለው እጭ አይደርስም።

ሱብሃነላህ! ብርቱ ዛፍ ግን እጅ አይሰጥም። ልጡ ውሃ የጠገበ ከሆነ እጩ ገና ሲጀምር ይሞታል። ስለዚህ ጥንዚዛው የሚፈልገው ድርቅ ያደከመውን፣ ተጠጋግቶ ተተክሎ ውሃ የሚሻማውን፣ ይልቁንም ተቆርጦ ልጡን እንደለበሰ የተጋደመውን ግንድ ነው።

ለግምጃ ቤትና ለአካባቢው ቤተሰብ ባሕር ዛፍ የቁጠባ ደብተር ማለት ነው፤ ልጅ ሲዳር፣ ቆርቆሮ ሲገዛ ይቆረጣል። በአዊ የከሰሉ ዛፍ ዲከረንስ በዝገት በሽታ ሲመታ የስንቱ ቤት እንደተናጋ አይተናል። ፎራካንታን ለመከላከል የሚጠይቀን ግን ገንዘብ ሳይሆን ትጋት ነው። አራርቆ መትከል፣ የቆረጡትን ሳያሳድሩ መላጥ፣ እጭ የገባበትን ግንድ ፈጥኖ ማንደድ ይበጃል። ልጡ ያልተነሳ ግንድ መኪና ላይ ጭኖ ወደ ሌላ ወረዳ መላክ ጥንዚዛውን አብሮ መላክ ነው።

ጣሪያችሁን የተሸከመው ወራጅ ላይ ሞላላ ቀዳዳ ብታዩ አትደንግጡ፤ ጥንዚዛው ወጥቶ የሄደበት በር ነው። በተላጠና በደረቀ እንጨት ላይ ተመልሶ አይራባም። ወራጁን መታ መታ አድርጋችሁ ድምፁን ስሙ፤ ካልላሸቀ ይቆይ።