ጭፈራን በዘይት ቀለም ስለ ማስቀረት

ጭፈራ ካለቀ በኋላ ምን ይቀራል? በነቀምቴ፣ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ ሰርግ ላይ ረገዳ ሲጨፈር ያየ ሰው ጥያቄው ይገባዋል። አውጪው ሲያወጣ፣ ተቀባዩ ሲቀበል፣ እግር መሬቱን ሲመታ የነበረው ሁሉ በማግሥቱ የለም። በነቀምቴ የሚገኘው የወለጋ ሙዚየም የአያቶቻችንን ዕቃ ጠብቆ ያሳየናል፤ ጭፈራ ግን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም። ይህን ችግር አንድ ፈረንሳዊ ሠዓሊ እንዴት እንደ ተወጣው ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት እንወዳለን።

ሠዓሊው ኤድጋር ደጋ (1834–1917 እ.ኤ.አ.) ይባላል። የማየርቤር ድርሰት የሆነው «ሮቤር ለ ዲያብል» የተባለው ኦፔራ በፓሪስ መጀመሪያ የታየው በ1831 ነው። በውስጡ አንድ ባሌት አለ፤ ይኸውም የሞቱ መነኮሳይያት በጨረቃ ብርሃን ከመቃብር ተነሥተው የሚጨፍሩበት ነው። ደጋ ይህን እያየ በማስታወሻ ደብተሩ ጥቂት መስመርና ጥቂት ቃል ይጽፍ ነበር። ከዚያም በሥራ ክፍሉ ሆኖ በ1871 አንድ፣ በ1876 ደግሞ ሁለተኛ የዘይት ቀለም ሥዕል ሠራ። የመጀመሪያው ዛሬ በኒው ዮርክ፣ ሁለተኛው በለንደን ይገኛል። የኦፔራው ቤት ግን በ1873 ተቃጥሏል።

በሥዕሉ ላይ የሚያስገርመው ነገር ጨፋሪዎቹ ብቻቸውን አለመሆናቸው ነው። ታችኛውን ክፍል የያዙት ጥቁር ልብስ የለበሱ ተመልካቾችና ሙዚቀኞች ናቸው፤ መነኮሳይያቱ ከኋላ እንደ ጉም ነጭ ሆነው ይታያሉ። አንዱ ተመልካች እንዲያውም አቅርቦ የሚያሳይ መነጽሩን ከመድረኩ ወደ ሌላ አዙሯል! ደጋ የሣለው በወንበሩ ተቀምጦ ዓይኑ ያየውን ነው እንጂ የጨዋታውን ማስታወቂያ አይደለም።

የዘይት ቀለምም ለዚህ ሥራ ይመቻል። ቀለሙ ብዙ ጊዜ የሚለወሰው በተልባ ዘይት ነው። ዘይቱ እንደ ውሃ ተንኖ አይጠፋም፤ ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ስለዚህ ሠዓሊው የእጅን እንቅስቃሴ ለማደብዘዝ ወይም ለማረም ጊዜ ያገኛል። በወለጋ የሚመረተው የኑግ ዘይትም፣ ከተልባው ቢዘገይም፣ ይኸው የመድረቅ ጠባይ አለው።

በእጃችን ያለው ስልክ ሁሉን ይቀርጽልናል ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ስልኩ በፊቱ ያለውን ሁሉ እኩል ይወስዳል፤ ሠዓሊ ግን መርጦ ያስቀራል። ስለሆነም ረገዳን ለመሣል የሚነሣ የወለጋ ወጣት ለእንግዳ ማሳያ የተደረደሩ ጨፋሪዎችን ባይፈልግ እንመክራለን። ከቆመበት ሆኖ አቧራውን፣ ከፊቱ የሚጋርደውን ሰው፣ ጭፈራውን ትቶ ከጎረቤቱ ጋር የሚያወጋውን ሽማግሌ ጭምር ይሣል። እንዲህ ከሆነ ወደ ፊት ሥዕሉን የሚያየው ሰው ጭፈራችንን ብቻ ሳይሆን እኛንም ያገኘናል።