አጭሩ ልጅ ከቅርጫቱ ሥር

ታኅሣሥን ያሳለፍኩት ሜሪላንድ፣ ልጄ ቤት ነበር። የልጅ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ85። እኛ ሰፈር ቢመጣ መለሎ ይባላል። በትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ግን ፎርዋርድ ነው፤ ለዚያም አጭር ነው ይሉታል። አንድ ቀን አሰልጣኙ «ዋናው ሴንተር ሲደክም አንተ ትተካዋለህ» አለው። ሴንተር ማለት ቅርጫቱ ሥር ቆሞ ከተቃራኒው ቡድን ግዙፍ ልጅ ጋር የሚገፋፋው፣ ስታ የተመለሰችውን ኳስ የሚለቅመው ነው።

ማታ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አባትየው «ልጄን ከግንድ ጋር ሊያታግለው ነው?» ብሎ ተቆጣ። ምራቴ ደግሞ «ተቀምጦ ከሚውል ይግባ እንጂ! እማማ፣ እርስዎ የጤና ሰው ነዎት፤ ይፍረዱን» አለችኝ።

ልጁ ማስረጃውን አዘጋጅቶ ነበር። ድሬይመንድ ግሪን ቁመቱ 1 ሜትር ከ98 ገደማ ነው፤ በዚያ ሊግ ለሴንተር አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የፍጻሜ ውድድር ጎልደን ስቴት በክሊቭላንድ 2 ለ 1 ተመርቶ ሳለ፣ አሰልጣኙ ግዙፉን አንድሩ ቦገትን አስቀምጦ ግሪንን ቅርጫቱ ሥር አቆመው። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ።

እኔን የማረከኝ ግን የዚያው አካባቢ ሰው፣ ዌስ አንሰልድ ነው። 2 ሜትር ከ1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይዞ እ.ኤ.አ. በ1968 ባልቲሞር ቡሌትስ ገባ፤ በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ የሊጉ ምርጥ ጀማሪም ኮከብ ተጫዋችም ተባለ። ከእሱ በፊት ሁለቱን በአንድ ዓመት ያገኘው ዊልት ቻምበርሌን ብቻ ነበር። አንሰልድ ረጃጅሞቹን የቻላቸው ከእነሱ በላይ ዘሎ አይደለም። ቀድሞ ቦታ ይይዛል፤ በዳሌውና በጀርባው ይዘጋቸዋል። እንዲያም ሆኖ ጉልበቱ ሲያሠቃየው ነው የኖረው።

ፍርዴን ሳልሰጥ ልጁ ደረጃ ሲወርድ አየሁት። መደገፊያውን ይዞ፣ አንድ እግሩን እያስቀደመ፣ ልክ እንደ እኔ! ሱሪውን አስጠቅልዬ ብዳስሰው ከጉልበቱ ሎሚ በታች አብጧል። «እማማ፣ ለአባዬ እንዳትነግሪው፤ ቦታዬን ይወስዱብኛል» አለኝ።

የጭን ጡንቻ በጅማት አድርጎ ከጉልበት ሎሚ በታች፣ የቅልጥም አጥንት ላይ ይያያዛል። በሚያድግ ልጅ ያ ቦታ ገና ልም አጥንት ነው። ልጁ በዘለለና ባረፈ ቁጥር ይጎተታል፣ ይቆጣል። ሐኪሞች ኦስጉድ ሽላተር ይሉታል። ዕድገቱ ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል፤ እስከዚያው ዝላይ መቀነስ፣ በረዶ መያዝና ጡንቻውን ማፍታታት ያስፈልጋል። የሚያነክስ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ወይም ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ያለው ልጅ ግን ሐኪም ሳያየው ሜዳ አይግባ። በዚህ ዕድሜ የጉልበት ሕመም ምንጩ ዳሌ ሊሆን ስለሚችል ዳሌውም ይታይ።

ለአባቱ ነገርኩት። ልጁ ሁለት ቀን አኮረፈኝ።

ሐኪም ካየው በኋላ ፈረድኩ፦ ሲሻለው ይጫወት፣ በተጠባባቂነት፣ ለጥቂት ደቂቃ። የቁመቱን ጉድለት በዝላይ እንዲሞላ አይገደድ፤ እንደ አንሰልድ ቦታ መያዝን ያስተምሩት። «ክብደት ጨምር» ተብሎ በምግብና በዱቄት እንዳይወጠርም አስጠነቀቅሁ፤ ያን ኪሎ የሚሸከመው ያው የታመመ ጉልበት ነው። በልምምድ ጊዜ ደግሞ ኳስ ማንጠርና ከርቀት መወርወር ይቀጥል። ቁመቱ እዚሁ ቢቆም ነገ ቅርጫት ሥር የሚያቆመው የለም።

አሰልጣኙ የመጀመሪያዎቹን ተቀበለ። ስለ መጨረሻው ግን «ጊዜ ካገኘን» ብሎ አለፈው። አባትየው እስካሁን አልተዋጠለትም፤ እውነቱን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጁ ደውሎ ስድስት ደቂቃ መጫወቱን ነገረኝ። «ደረጃውስ?» አልኩት። «በሁለቱም እግሬ፣ እማማ» አለኝ።