የአንድ ጓሮ ዓመት በጊዮርጊስ አጥቢያ

ማለዳ የጊዮርጊስ ደወል ሲሰማ ከቤቱ ወጥቶ፣ ፊቱን ከመታጠቡ አስቀድሞ ጓሮውን ዞሮ የሚመለከት ሰው ምን ፈልጎ እንደ ወጣ ቢጠየቅ በቂ መልስ አይኖረውም። ትናንት ያየውን ጎመን ዛሬ ደግሞ ያየዋል፤ ቃሪያው አንዲት ነጭ አበባ ጨምሮ እንደ ሆነ ይቆጥራል፤ በጤና አዳሙ ላይ እጁን አሳልፎ ጣቶቹን ያሸታል፤ ከዚያም ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔ በመምህርነት ሳገለግል በኖርሁባቸው ዓመታት ሁሉ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች በአንድ ጠባብ ግቢ እኖር ነበርና፣ ይህን የማለዳ ዙረት ሳልፈጽም ወደ ትምህርት ቤት የሄድሁበትን ቀን ለማስታወስ እቸገራለሁ።

ጓሮ ስል አንባቢ ሰፊ ቦታ እንዳይመስለው። ርዝመቱ ስድስት ሜትር፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ፣ በአንድ ወገን የጭቃ ግድግዳ በሌላው ወገን የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር የከበበው ቁራሽ መሬት ነበር። ሰፈራችን በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ እንደ አዲስ ስትሠራ በተነሣ ጊዜ ግቢውም ከነጓሮው ተነሥቷል፤ ዛሬ የምኖረው በጋራ መኖሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እንግዲህ የምጽፈው ስለ ሌለ ጓሮ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ነገር ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ይህንንም ወደ ኋላ እገልጸዋለሁ።

አራዳ ለአትክልት እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ከዓፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ታላቁ ገበያ የሚቆመው በጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደ መርካቶ ከተዛወረ በኋላም አትክልት ተራ በፒያሳ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄዷል። ገበያው በአቅራቢያችን ሳለ ጎረቤቶቼ ይሥቁብኝ ነበር። «መምህር፣ ጎመን በኩንታል በሚራገፍበት ሰፈር ሰባት እግር ጎመን ተክለው ማለዳ ማለዳ ይጠብቁታል» ይሉኝ ነበር። በሒሳብ ረገድ እውነት ነበራቸው። ነገር ግን ከአቃቂ ወንዞች ዳር የሚበቅለው አትክልት የከተማው ፍሳሽና የፋብሪካ እጣቢ በተቀላቀለበት ውኃ የሚጠጣ መሆኑን የምናውቅ ሰዎች፣ ቢያንስ የአንዱን ቅጠል ውኃ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ራሱን የቻለ ደስታ ነው።

የእኛ ዓመት በመስከረም ይብት እንጂ የጓሮ ዓመት የሚብተው በግንቦት መጨረሻ ነው። ደርቆ የከረመው አፈር የመጀመሪያውን ዝናብ ሲቀበል የሚሰጠውን ሽታ የማይወድ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። በዚያ ሳምንት መሬቱ ይቆፈራል፤ የበሰለ ፍግ ይደባለቃል፤ በቆሎው በአጥሩ ሥር በአንድ ረድፍ ይዘራል፤ ነጭ ሽንኩርቱ ፍሬ ፍሬው ተለይቶ ይተከላል። የጎመን ችግኝ የሚዛወረው ፀሓይ ስትጠልቅ ነው፤ በቀትር የተዛወረ ችግኝ አንገቱን ደፍቶ ያመሻል፣ አንዳንዱም ቀና ሳይል ይቀራል። ተማሪዎቼ ለፈተና በሚጨነቁበት በሰኔ ወር እኔም በበኩሌ በችግኜ እጨነቅ ነበር።

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በእነዚህ በሁለቱ ወራት ባለ ጓሮ ውኃ ከመቅዳት ያርፋል፤ በምትኩ ቦይ ይከፍታል፣ አረም ይነቅላል፣ ሲመሽም ፋኖስ ወይም ባትሪ ይዞ ቀንድ አውጣ ይለቅማል። በችግኙ ዙሪያ አመድ መነስነስ ጥቂት ይረዳል፤ አንድ ጥሩ ዝናብ ከወረደ ግን አመዱም ይሄዳል፣ ቀንድ አውጣውም ይመለሳል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በመስኮት ጎመኑን እያዩ ትኩስ ሻይ መጠጣት ዋጋው ስንት እንደ ሆነ አላውቅም። በዚያ ወቅት ከሁሉ የሚያምረው ሰላጣ ነው። ሰላጣ ብርድና እርጥበት ይወዳል፤ ቅጠሉ በነሐሴ እንደሚለሰልስ በሌላ ወር አይለሰልስም።

ስለዚሁ ሰላጣ የፈጸምሁትን ስሕተት መናገር አለብኝ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው። አንድ ዓመት በሰኔ ወር አንድ ሰው ፍግ በጆንያ አምጥቶ በርካሽ ሸጠልኝ። ከከብት በረት ነው አለኝ፤ እኔም ርካሽነቱ ደስ አሰኝቶኝ ሌላ ሳልጠይቅ መሬቱ ላይ በተንሁት። በነሐሴ ሰላጣው እንደዚያ ዓመት አምሮ አያውቅም ነበር፤ ከእጄ እየቆረጥሁ፣ በአንድ ሳሕን ውኃ ነከር ነከር እያደረግሁ ለቤተሰቡ አቀረብሁ። በጥቅምት ገደማ የስድስት ዓመት ልጄ ሆዷ ተነፋ፣ ፊቷ ገረጣ፣ ሌሊት ጥርሷን ማፋጨትና ሆዴን ማለት ጀመረች። በሐኪም ቤት ዓይነ ምድሯ ሲመረመር የወስፋት እንቁላል ተገኘባት። ፍጉን ያመጣውን ሰው ፈልጌ ብጠይቀው የመጸዳጃ ጉድጓድ ጥራጊ ተደባልቆበት እንደ ነበር፣ አፍሮም ሳያፍርም፣ ነገረኝ። ልጄ ወስፋቱን ከዚያ ጓሮ ወይስ ከሌላ ስፍራ እንዳገኘችው ማንም በእርግጥ ሊነግረኝ አይችልም፤ እኔ ግን ጥርጥር አልነበረኝም። መድኃኒቱን ወስዳ ዳነች። የራሴን ነገር ግን ቶሎ አልረሳሁትም፤ በክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ የወስፋትን የሕይወት ዑደት በቀለም ጠመኔ የምሥል መምህር በገዛ ጓሮዬ ዘርቼው ተገኘሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወስፋት እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋራ ወደ አፈር ሲገባ ወዲያው አይጎዳም፤ በእርጥብና በጥላ አፈር ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ከቆየ በኋላ ግን ሰውን ለመያዝ ይበቃል፤ በዚያም አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊኖር ይችላል። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ብዙዎቻችን የምንተማመንበት አቼቶ አይገድለውም፤ ሎሚም እንዲሁ። ቅጠሉን አንድ ባንድ እየለዩ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ሁለቱንም ገጽ እያሹ ማጠብ አብዛኛውን ያስወግዳል፤ በእርግጥ የሚገድለው ግን እሳት ነው። የከብት ፍግ ቢሆንም ትኩሱ ለጓሮ አይሆንም፤ ተከምሮ፣ ተገላብጦ፣ ከአራት ወር ያላነሰ ጊዜ ሊበስል ይገባዋል። የሰው ዓይነ ምድር ግን በቤት ጓሮ፣ ያውም ጥሬ በሚበላ ቅጠል ላይ፣ ምንም ዓይነት ምክንያት አይኖረውም። እኔ በዚያ መሬት ላይ ለተከታዮቹ ዓመታት ተቀቅሎ ከሚበላ በቀር ሌላ አልተከልሁም፤ በነሐሴ ሰላጣ ያማረኝን ያህል ቃሪያና ዱባ ቆጥሬ ዝም አልሁ።

በመስከረም የሚሆነውን ለኢትዮጵያዊ መንገር ትርፍ ነገር ነው። አደይ አበባ ሳልተክላት በአጥሩ ሥር ትወጣ ነበር፤ አረም ናት ብሎ የሚነቅላት ሰው ካለ እኔ አላየሁትም። በቆሎው እሸት ይደርሳል፤ ዱባው አጥሩን ተሻግሮ በጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ስለሚያፈራ ፍሬው የማን እንደ ሆነ በየዓመቱ በሣቅ እንከራከራለን። ማለዳ ማለዳ አንዲት ረጅም ቀጭን ምንቃር ያላት አበባ ቀሳሚ ወፍ መጥታ ከአበባ ወደ አበባ ትዘል ነበር፤ ላባዋ ፀሓይ ሲነካው እንደ ብረት ያብረቀርቃል። ልጄ ታምማ በከረመችበት ዓመት በአልጋዋ ሆና በመስኮት የምትጠብቀው እርስዋን ነበር።

ኅዳር ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊቱም ይከፋል። በሶብላ ብርድ አይችልምና አንድ ሌሊት ብቻ ሳይሸፈን ቢያድር ሲነጋ ጠቁሮ ይገኛል፤ እኔ አሮጌ ጆንያ አለብሰው ነበር። ቅጠሉ የሚረግፍበት፣ የበቆሎው አገዳ የሚነቀልበት ጊዜ ስለ ሆነ ጥራጊው ይበዛል። በኅዳር 12 ቀን ደግሞ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል፤ በየደጁ ቆሻሻው ተጠርጎ ይቃጠላል፣ ከተማው በጢስ ይሸፈናል። የነገሩ መነሻ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በዓለም ላይ የተነሣው ታላቅ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሺሕ ሰው የፈጀበት መዓት ነው። በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽና በንክኪ እንጂ ከቆሻሻ ክምር አልነበረምና ጢሱ አላገደውም፤ ነገር ግን ሕዝብ መከራውን አስታውሶ በዓመት አንድ ቀን ሰፈሩን ማጽዳቱ ማንም ሊነቅፈው የማይችል መልካም ልማድ ነው። የምነቅፈው የሚቃጠለውን ነው። በ1911 ዓ.ም. በአራዳ ደጃፍ የሚቃጠለው ገለባ፣ ቅጠልና ፍልጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ዛሬ ግን ፌስታሉ፣ የውኃ ጠርሙሱና የጫማ ሶሉ አብሮ ይነዳል። ፕላስቲክ በደጅ ሲነድ ዳይኦክሲንን የመሰለ መርዝ ይወጣዋል፤ አስም ያለበት ሰው በዚያ ምሽት ምን እንደሚሆን ጎረቤቱን ይጠይቅ። እኔ በዚያ ቀን ደጄን እጠርግና ፕላስቲኩን ለይቼ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች እሰጥ ነበር፤ ቅጠሉንና አገዳውን ግን በጓሮው ጥግ በጉድጓድ ከምሬ አፈርና አመድ እየጨመርሁ አበሰብሰው ነበር። በሰኔ ወር ከዚያ ጉድጓድ የሚወጣው ጥቁር አፈር፣ ከርካሹ ፍግ በኋላ፣ ከሌላ ሰው የማልቀበለው ብቸኛ ነገር ሆኖ ቀረ።

በጋው ለባለ ጓሮ የትዕግሥት ወቅት ነው። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ ጎመኑ ግን ፈረቃ አያውቅም። ከዚህም በላይ ዓቢይ ጾም የሚውለው በዚሁ በደረቁ ጊዜ ስለ ሆነ፣ ቤተሰቡ ቅጠል አብዝቶ በሚሻበት ሳምንት ጓሮው ጥቂት ይሰጣል። አትክልትና ሽሮ የታጠበበትን ውኃ በባልዲ አጠራቅመን እናጠጣ ነበር፤ የልብስ ሳሙና ያለበትን ግን ለጽጌረዳው ብቻ። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይም በዚህ ጊዜ በጎመኑ ቅጠል ሥር ይሰፍራል፤ በቀጭን የሳሙና ውኃ በጨርቅ ጠርጎ ኋላ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ለጥቂት እግር ጎመን ይበቃዋል፤ ለዚህ መርዝ ገዝቶ በልጆች መጫወቻ አጠገብ መርጨት አላስፈላጊ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ከ400 ግራም ያላነሰ አትክልትና ፍራፍሬ ይብላ ይላል፤ የእኔ ጓሮ በመጋቢት ይህን ለአንድ ሰው እንኳ አልሞላም። ባለቤቴ ግን ያለውን በብልሃት ታበዛው ነበር፤ ጎመኑን ከድና ጥቂት ጊዜ ብቻ ታበስለዋለች፣ ሲወርድ ጥሬ ቃሪያ ትከትፍበታለች፣ ሎሚም ትጨምቅበታለች። ቃሪያና ሎሚ በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው የሚረዱ መሆናቸውን በኋላ ነው ያነበብሁት፤ ቡና በምግቡ ላይ ወዲያው ሲጠጣ ተቃራኒውን እንደሚያደርግም እንዲሁ። ቡናውን ለማዘግየት ያደረግሁት ሙከራ በቤታችን ብዙ ደጋፊ አላገኘም።

የበልጉ ዝናብ በመጋቢትና በሚያዝያ አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። ሲመጣ ጎመኑ ዳግመኛ ያቆጠቁጣል፤ ሲቀር ግንቦትን መጠበቅ ነው።

ሰፈሩ በሚነሣበት ሰሞን ሌላው ዕቃ ሲጫን እኔ ጤና አዳሙን ከነአፈሩ በቀለም ባልዲ ልተክለው ስል ልጄ፣ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት የሆነችው፣ ከለከለችኝ። ቀለም፣ ዘይት ወይም የተባይ መርዝ የነበረበት ዕቃ ለሚበላ ተክል እንደማይሆን እኔው ራሴ ሳስተምራት አድጋለች። ስለዚህ የውኃ ጀሪካን ቆረጥን፤ ሥሩን በጋለ ምስማር በሳነው፤ ከጉድጓዱ ጥግ የወጣውን ጥቁር አፈርም በሁለት ጆንያ ሞላን። አሁን በረንዳዬ ላይ ዐሥራ አንድ ጀሪካን አለ፤ አራቱ ጎመን፣ ሦስቱ ቆስጣ፣ ሁለቱ ቃሪያ፣ አንዱ በሶብላ፣ አንዱ ያ ጤና አዳም። ሁሉም ከግድግዳው ጋራ ተደግፈው ወለሉ ላይ ናቸው፤ በአጥሩ ጫፍ የተቀመጠ ጀሪካን በነፋስ ቢወድቅ ከታች ልጆች ይጫወታሉ። ከሥራቸው ሳሕን አለ፤ በሳሕኑ የሚጠራቀመውን ውኃ በየማለዳው እደፋዋለሁ፤ አዲስ አበባ በከፍታዋ የወባ አገር ባትሆንም የቆመ ውኃ ቢንቢ ማፍራቱን አይተውም።

ከዚህ ሆኖ የጊዮርጊስ ደወል አይሰማም። ማለዳ ግን እወጣለሁ፤ ቃሪያዎቹን እቆጥራለሁ። ባለፈው ሳምንት ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ወይዘሮ ስኒ ይዘው ደረጃውን ወርደው በሬን አንኳኩ፤ ቡና አፍልተው ጤና አዳም እንዳጡ፣ ሽታውም ከእኔ በረንዳ እንደሚመጣ ነገሩኝ። ሁለት ቅርንጫፍ ቆረጥሁላቸው። አንዱን ለቡናው፣ አንዱን ለጀሪካን።