ቤቱን ማን ሠራው? እንጨቱን ጠይቁት!

በቅርቡ እዚህ ዋሽንግተን አንድ ልቅሶ ቤት ተቀምጠን ሁለት ሽማግሌዎች ስለ አንድ የፒያሳ ፎቅ ቤት ተከራከሩ። አንደኛው «የምኒልክ ዘመን ቤት ነው» ሲሉ ሌላኛው «የጣሊያን እጅ ነው!» ብለው ድርቅ አሉ። ቤቱ በ2016 ዓ.ም. ከጎረቤቶቹ ጋር ስለፈረሰ ሄዶ የሚያይ የለም። እዚያ ግቢ ተወልጄ ላደግሁት ለእኔ ግን ነገሩ ተራ የልቅሶ ቤት ወሬ አልሆነልኝም።

መልሱ እኮ ግድግዳው ውስጥ ነበር። ጡብ እሳት ሲገባ በውስጡ የተጠራቀመው የተፈጥሮ ጨረር ኃይል ተሟጦ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲህ እንደገና ያጠራቅማል። በቤተ ሙከራ ሲያሞቁት ያጠራቀመውን በብርሃን መልክ ይለቀዋል፤ ከብርሃኑ መጠንም ጡቡ መቼ እንደተተኮሰ ይሰላል።

እንጨት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። በ2010 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ፣ መንትያዎቹ ሕንፃዎች በቆሙበት ስፍራ ሲቆፈር የአሮጌ መርከብ እንጨት ወጣ። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የግንዱን ቀለበቶች ለኩ፤ በድርቅ ዓመት ቀለበቱ ይጠባል፣ ዝናብ ባለበት ይሰፋል። ልኩን የአሜሪካ ነጻነት ከታወጀበት ከፊላደልፊያው አዳራሽ እንጨት ጋር ቢያስተያዩት ገጠመ። ዛፉ የተቆረጠው በ1773 ወይም ጥቂት ቆይቶ ኖሯል!

ለፒያሳ እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ የለንም። የራዲዮካርቦን ምርመራም ብቻውን አይበቃም፤ ባለፉት 300 ዓመታት በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ሲዋዥቅ ስለኖረ አንድ ናሙና የምኒልክንም የጣሊያንንም ዘመን ሊያመለክት ይችላል። ሆኖም ከአንድ የጥድ ምሰሶ የተለያዩ ቀለበቶች ናሙና ተወስዶ በመካከላቸው ያለው ዓመት ቢቆጠር፣ መዋዠቁ ራሱ ዘመኑን ይለያል። በእርግጥ በልግና ክረምት ባለበት አገር ጥድ በዓመት ሁለት ቀለበት ሊያወጣ ስለሚችል ቆጣሪው መጠንቀቅ አለበት። ቅርፊትም ያስፈልጋል፤ አናጢው ከጠረበው የመጨረሻዎቹ ዓመታት አብረው ተጠርበዋል። ምሰሶው ከሌላ ቤት የመጣም ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ሰው ደህና እንጨት መቼ ይጥላል!

አዲስ አበባ ደወልኩ። አክስቴ ሲነሱ አንድ የጥድ ምሰሶ ይዘው ወጥተው ኖሮ የዶሮ ቤት አቁመውበታል።

«ቅርፊት አለው?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እባክዎ ብቻ እንዳይፈልጡት።»

«እሺ» ብለዋል። መጪው ክረምት ግን ያሳስበኛል፤ ማገዶ ተወዷል።