ሳማን ከሥሩ

ከዳባት አልፎ ወደ ደባርቅና ጃናሞራ በሚወጣው ደጋ ሳማን የማያውቅ ልጅ የለም። በአጥር ጥግ፣ በበረት ዙሪያ፣ ፍግ በጠገበ አፈር ሁሉ ይበቅላል፤ ቅጠሉን የነካ እጅ ይለበለባል። ያው ቅጠል በክረምት ጎተራው ሲጎድል በጥንቃቄ ተለቅሞ፣ ተቀቅሎና ተማስሎ ለቤተሰብ ወጥ ይሆናል፤ የሚናደፈው ፀጉሩ እሳት ካገኘው ኃይል የለውም። ሳይንሱ ኡርቲካ ሲሜንሲስ የሚለው ይህ ተክል ስሙን የወሰደው ከስሜን ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ብርቅዬ ዝርያ ነው። ዛሬ በዓለም የመድኃኒት ዕፅዋት ገበያ የሚፈለገው የሳማ ሥር የዚህ ሳይሆን የአውሮፓ ዘመዱ፣ የኡርቲካ ዲዮይካ ሥር ነው። የአንዱን ዝና ለሌላው ማዋስ ስሕተት ነው እላለሁ። የስሜኑ ሳማ ሥር በራሱ ስም፣ እዚሁ ጎንደር መጠናት አለበት፤ ያውም ለሽያጭ መቆፈር ሳይጀመር።

የአውሮፓው ሥር ዝና ከባዶ የመጣ አይደለም። ቤታ ሲቶስቴሮልን የመሰሉ ስቴሮሎች፣ ሊግናን የሚባሉ ውሑዶች፣ ስኮፖሌቲንና የተለያዩ ፖሊሳካራይዶች አሉት። ከሁሉ የሚደንቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተለይቶ የታወቀ አንድ ትንሽ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ካይቲን ላይ ይጣበቃል፤ ካይቲን ደግሞ የሻጋታ ሕዋስ ግድግዳና የነፍሳት ቅርፊት የሚሠራበት ነገር ነው። በቤተ ሙከራ የአንዳንድ ሻጋታዎችን ዕድገት ሲገታ ስለታየ፣ የሥሩ ጥቅም ከሰው ሕክምና አልፎ ለሰብል ጥበቃም ሊታሰብ ይችላል። ሊግናኖቹ በበኩላቸው የወንዴ ሆርሞንን በደም ውስጥ ከሚሸከመው ፕሮቲን ጋር እንደሚጣመሩ ታይቷል፤ የሥሩ ስም ከፕሮስቴት እጢ ጋር ከተነሣባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው።

ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ሌሊት ደጋግሞ የሚያስነሣቸው፣ ሲሸኑም የሚያስምጣቸው ሕመም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ እጢ ማበጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢራን ውስጥ በታተመ ጥናት 620 ወንዶች ለስድስት ወር ክትትል ተደርጎላቸዋል፤ የሳማ ሥር ከወሰዱት 81 በመቶው ተሻለን ሲሉ፣ አስመሳይ መድኃኒት ከወሰዱት እንዲህ ያሉት 16 በመቶ ብቻ ናቸው። ቁጥሩ ያጓጓል። ሆኖም ዕፅዋትን የሚገመግመው የጀርመን የባለሙያዎች ኮሚሽን ሥሩን ሲያጸድቅ አንድ ነገር አስጠንቅቋል፦ ሥሩ ስሜቱን ያቃልላል እንጂ ያበጠውን እጢ አያሳንስም፤ ስለዚህ ከሐኪም ክትትል መራቅ አይገባም። ለእኛ አገር ሰው ይህ ማስጠንቀቂያ ይበልጥ ይከብዳል። ካንሰርም በተመሳሳይ ምልክት ሊመጣ ይችላልና፣ ሥር እየቀቀለ ዓመት ያሳለፈ አባት ሆስፒታል ሲደርስ ጊዜው አልፎ ሊገኝ ይችላል።

ሁለቱም ሳማ ናቸው፣ ምን ልዩነት አለው? የሚል ሙግት ይነሣል። የአንድ ወገን ተክሎች ብዙ ነገር መጋራታቸው እውነት ነው፤ ለምርምር መነሻ የሚሆነንም ይኸው መጋራት ነው። ነገር ግን የውሑድ ዓይነትና መጠን በዝርያ፣ በአፈር፣ በከፍታና በወቅት ይለያያል፤ በአንድ ተክል ውስጥ እንኳ ሥሩና ቅጠሉ አንድ አይደሉም። ሐኪም የሚያዝዘው መጠኑ የታወቀ ነገር ነው። የባህል ሐኪሞቻችን እውቀት ለዚህ ምርምር መንገድ ያሳያል፤ መጠኑንና ጉዳቱን መለካት ግን የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ ጎንደርን የሚቀድም ከተማ አይታየኝም። በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለችው ከተማ የጤና ባለሙያ ማሠልጠን የተጀመረው ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ከመታው በኋላ በ1947 ዓ.ም. ነበር፤ ያኔ የተከፈተው ማሠልጠኛ ኮሌጅ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ተክሉ ያለው ከበሩ ላይ ነው።

ከበድ የሚለው ሙግት የኑሮ ነው፦ ደሀው ገበሬ ሥር ሸጦ ጥቂት ብር ቢያገኝ ማን ይከለክለዋል? ማንም ሊከለክለው አይገባም፤ ከምን እንደሚያገኘው ግን መታየት አለበት። ቅጠል የለቀመ ነገ ተመልሶ ይለቅማል፤ ሥር የነቀለ ተክሉን ይዞ ሄደ። ቀበርቾን ያየ ይህን ያውቃል። እሱም የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ተክል ነው፤ ለጢስና ለመድኃኒት የሚሸጠው ሥሩ ስለሆነ ከዱር እየተመናመነ ነው። ሳማ ላይ ይህ ቢደርስ የሚጎድለው የክረምት ወጥ ነው፤ ጉድለቱም መጀመሪያ የሚያንኳኳው የዚያኑ የደሀውን ገበሬ ቤት ነው። ገበያው የግድ ከመጣ በጓሮ ተተክሎ ያደገ ሥር ይሸጥ።

የባለቤትነቱም ነገር አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ እንዶድ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አስተዋሉ፤ ከዓመታት በኋላ ግን በዚሁ እንዶድ ላይ የባለቤትነት መብት የጠየቀው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ጤፍም ላይ ኔዘርላንድስ ውስጥ ፓተንት ወጥቶበት፣ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ፣ ጥቅሙም ለማኅበረሰቡ እንዲደርስ ይደነግጋል። አዋጁ የሚሠራው ግን የሚጠበቀው ነገር ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው። የስሜኑ ሳማ ሥር ምን ውሑድ እንደያዘ በጎንደር ቤተ ሙከራ ተለክቶ፣ ቅጠሉን ለዘመናት ሲመገቡ ከኖሩት የጃናሞራና የበየዳ ሰዎች ስም ጋር ቢመዘገብ፣ ከውጭ የሚመጣ ድርጅት ድርድሩን የሚጀምረው ከዚያ መዝገብ ይሆናል።